የእህቴ ልጅ ጭን አጥንት ምን እንደ ሆነ የታወቀበት ቤት፦ ስለ አንድ የደብረ ብርሃን የራጅና የሲቲ ስካን ማዕከል

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃን ከተማ አገልግሎት ስለሚሰጥ አንድ የግል የምስል ምርመራ ማዕከል ነው። ካለፈው ኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ የእህቴን ልጅ ይዤ አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ራጅ ተነሥታበታለች፣ ሲቲ ስካን ተደርጎላታል፣ «ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ» (የአጥንት ውስጥ በቃጫማ ሥጋ የሚተካበት ሕመም) የሚለው የሕመሟ ስምም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሰፈረው በዚሁ ቤት ወረቀት ላይ ነው። ምስጋናም ወቀሳም ስላለኝ፣ ወቀሳዬም በአንድ ቤተሰብ ገጠመኝ ላይ ብቻ የቆመ ስለሆነ፣ የማዕከሉን ስም መጥቀስ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ሕመሙ የምጽፈው ያከሙን ሰዎች ካስረዱኝና እኔም ከሙያዬ ጋር ስለሚቀራረብ ተከታትዬ ካነበብኩት ነው።

ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን የምትኖረው ከእናቷ ጋር በእነዋሪ አቅራቢያ፣ በጅሩ ሜዳ ላይ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ እግሯን ታነክስ ነበር። በእኛ አገር ልጅ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነውና እርሳቸውም ሁለት ጊዜ በቅቤ አሽተዋታል፤ ቀጥሎ ጠበል ተጠመቀች። ጠበሉን በተመለከተ የምለው የለኝም፤ መታሸቱን ግን ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል፤ የአጥንቱ ቅርፊት እንዴት እንደ ሳሳ በኋላ በምስል አይቻለሁና። በጥቅምት መጨረሻ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወድቃ መርገጥ ሲያቅታት ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ተወሰደች፤ እዚያ አንድ ራጅ ብቻ ተነሥቶላት «የአጥንት ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ በአስቸኳይ ናሙና ይወሰድ» የሚል የሁለት መስመር ወረቀት ተሰጣት። «ዕጢ» የሚለው ቃል በእህቴ ጆሮ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። በዚያው ምሽት ደውላ «ጋሼ፣ ልጄን ነቀርሳ ነው አሉኝ» አለችኝና ከዚያ በኋላ የሰማሁት ልቅሶዋን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን አስመጣኋቸው። ያያት የአጥንት ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ ወደ ጎን አደረገውና ናሙና ከመወሰዱ በፊት አጥንቱ በደንብ መታየት እንዳለበት ነገረን። አጥንት ያለ በቂ ምስል ተነክቶ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ስብራት ሊከተል እንደሚችል፣ የተወሰደውም ሥጋ ከየትኛው የአጥንቱ ክፍል እንደ ሆነ ካልታወቀ መልሱ ሊያሳስት እንደሚችል አስረዳን። ከዚያም እግሯን እንዳትረግጥ ክራንች አዘዘላትና ሙሉ ራጅና ሲቲ ስካን እንድትነሣ ወደዚህ ማዕከል ላከን።

የማዕከሉ የመጀመሪያ ጉድለት በሩ ላይ ይጀምራል። የምርመራ ክፍሎቹ ያሉት በሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የወረቀቱም ጠርዝ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል፤ ትናንት የተለጠፈ አይመስልም። ወደዚህ ቤት የሚላከው አብዛኛው ሰው እግሩ፣ ዳሌው ወይም ወገቡ የታመመ እንደ ሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ ሐኪሙ «አንድ እርምጃ እንኳ አትርገጥ» ብሎ የላካት ልጅ ናት። በመጨረሻ እኔና የጥበቃ ሠራተኛው በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን ተሸክመን አወጣናት። የጥበቃ ሠራተኛው ይህን ሥራ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠራው ሲነግረኝ በምሬት ሳይሆን በለመደ ሰው ድምፅ ነበር፤ እኔ ግን አለቆቹን ታዘብኩ። ወንበር የተሸከመ ሰው ደረጃ ላይ ቢያዳልጠው የሚሆነውን ማሰብ ይከብዳል።

የዋጋ ዝርዝርም በግድግዳው ላይ አልነበረም። ስንት እንደምንከፍል ያወቅነው ሂሳብ መቀበያው መስኮት ጋ ከደረስን በኋላ ነው፤ የእህቴ የጤና መድን ካርድም እዚያ አላገለገለም። ከእነዋሪ የመጣች ገበሬ ገንዘቧን በሻሽ ጠቅልላ ይዛ ቆማ፣ ከኋላዋ ወረፋ እየጠበቀ «ይኼኛው ይቅርብኝ፣ ያኛው ይደረግልኝ» ብላ እንድትመርጥ መደረጉ አግባብ አይደለም፤ አንድ ገጽ ወረቀት መለጠፍ ይበቃ ነበር።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ የሐኪሙን ማዘዣ አነበበና ልጅቷን ሳይሆን በቅድሚያ እናቷን «ከዚህ በፊት ራጅ ተነሥታ ታውቃለች ወይ?» ብሎ ጠየቃት። እህቴ የጥቅምቱን ሰጠችው። «ከዚህም በፊትስ?» አላት። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ በዘጠኝ ዓመቷ ከአህያ ላይ ወድቃ ራጅ ተነሥታ «ስብራት የለም» ተብላ መመለሷ ትዝ ያላት። ፊልሙ እነዋሪ፣ ሣጥን ውስጥ ነው። ባለሙያው ተስፋ አልቆረጠም፤ ቤት ያለው ታላቅ ልጇ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ ብርሃን ከኋላው እንዲያበራለት አድርጎ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም እንዲልክ አደረገ። የመጣው ምስል ደብዛዛ ነበር፤ ቢሆንም በቂ ነበር። በዚያ ዓመት ያነበበው ሰው ስብራት ብቻ ሲፈልግ ያለፈው ነገር፣ በጭኑ አጥንት ላይኛ ክፍል ላይ ደብዘዝ ያለ ሰፋ ያለ ቦታ፣ ያኔም ነበረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጥንቱን ሳይበላ፣ ቅርፊቱን ሳይበሳ፣ ቀስ እያለ ብቻ ያደገ ነገር ከክፉ ነቀርሳ ጠባይ ጋር እንደማይስማማ በኋላ ሲነገረን፣ ትልቁን ማስረጃ ያገኘነው ከዘመናዊው ማሽን ሳይሆን ከሣጥን ውስጥ እንደ ነበር ገባኝ።

አነሣሡም ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። የጥቅምቱ ራጅ ከፊት ብቻ፣ ያውም የጭኑን ግማሽ ብቻ የሚያሳይ ነው፤ እርሱ ግን ከዳሌ መገጣጠሚያ እስከ ጉልበት ከፊትና ከጎን አነሣ፤ ዳሌውን ከነግራው ጨምሮ ለማወዳደር ያዘ። እህቴን ልጇን ደግፋ እንድትቆም ሲጠይቃት የጨረር መከላከያ ሽርጥ አለበሳት። ደብረ ብርሃን በኅዳር ምን ያህል እንደምትበርድ ለሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ጠረጴዛው እንደ በረዶ ነውና ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ ምስሉ እንዳይበላሽ የእናቷን ጋቢ ከሥሯ አነጠፈላት። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሆነው በሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። ምስሉን የሚያነቡት የራዲዮሎጂ ሐኪም ከክፍላቸው ወጥተው ወደ እኛ መጡ። እንደ ልማዱ በማዕከላት ውስጥ ምስሉን የሚያነብ ሐኪም በሽተኛውን አያይም፤ ወረቀቱ ተጽፎ ይወጣል፣ እሱው ነው። እኚህ ግን እህቴን «እናቴ» ብለው አስቀምጠው ጠየቋት፤ ሌሊት ሌሊት ትኩሳት ነበራት ወይ፣ ከስታለች ወይ፣ የሚያሳክክ ወይም መግል የያዘ ቁስል ነበራት ወይ፣ ሕመሙ ሲተኛ ይበልጣል ወይስ ሲረገጥ? በመጨረሻም «በቆዳዋ ላይ ከልደቷ ጀምሮ ያለ ምልክት አለ?» አሏት። እህቴ ፈገግ አለች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ፈገግታ ነበረች። «አለ እንጂ፣ ማጅራቷ ላይ ማርያም የሳመቻት አለች» አለች።

ሐኪሙ አዩት። ወተት የበዛበት ማኪያቶ ቀለም ያለው፣ ጠርዙ እንደ ተቀደደ ጨርቅ የተሸራረፈ፣ ከቀኝ ትከሻ ጀምሮ ልክ የአከርካሪው መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የሚያቆም ጠባሳ መሳይ ምልክት ነው። ከዚያም አንዲት ሴት ነርስ ጠርተው፣ ልጅቷ ከስምንት ዓመቷ በፊት የኮረዳነት ምልክት፣ የጡት ማደግ ወይም የወር አበባ፣ አሳይታ እንደ ሆነ እናቷን ለብቻዋ አድርጋ እንድትጠይቃት አደረጉ። አልነበረም። ጥያቄው ለምን እንደ ተጠየቀ በመጀመሪያ አልገባንም ነበር፤ አጠያየቁ ግን ለባህላችን ክብር ያለው ነበር፤ በአጎቷ ፊት ቢጠየቅ ኖሮ እህቴ አፏን ባልከፈተች።

አሁን ወደ ሕመሙ ልመለስ፤ የአገልግሎቱ ዋጋ የሚመዘነው ሕመሙ ምን እንደሚመስል ሲታወቅ ነውና። በፋይብረስ ዲስፕሌዥያ የአጥንቱ ውስጥ፣ መቅኒውና ስፖንጅ መሳዩ አጥንት የነበረበት ቦታ፣ በቃጫማ ሥጋ ይተካል፤ በቃጫው መሐል ያልበሰለ፣ ሥርዓት የሌለው የአጥንት ስብርባሪ ይበቅላል። አጥንቱ ከውስጥ ይነፋል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ክብደት የሚሸከም ከሆነ ደግሞ ይጎብጣል ወይም በትንሽ ምክንያት ይሰነጠቃል። ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ነቀርሳ የሚለወጠውም ከመቶ ከአንድ ባነሰ ሰው ላይ ነው። ይህ አደጋ ከፍ የሚለው በተለይ ቦታው በጨረር የታከመ እንደ ሆነ ስለሆነ፣ ለዚህ ሕመም የጨረር ሕክምና አይሰጥም። «ዕጢ» ብሎ ፈርቶ ወደ ጨረር የሚሮጥ ቤተሰብ ቢኖር ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቡት።

በራጅ ላይ የሚታየውን ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙረው አሳዩን። ጤናማ አጥንት ውስጥ ደቃቅ መስመሮች ይታያሉ፤ የልጅቷ አጥንት ግን በዚያ ቦታ መስመር የለውም፤ አንድ ወጥ ግራጫ ነው። በሕክምና ቋንቋ መልኩን በተፈተገ መስተዋት ይመስሉታል። ጣርማ በርን በማለዳ ያለፈ ሰው ግን መስተዋቱን አያስፈልገውም፤ ጉሙ ገደሉንም ዛፉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ሲሸፍነው ያለው መልክ ነው። በጉሙ ዙሪያ ወፈር ያለ ነጭ ጠርዝ አለ፤ ሕመሙ ከውስጥ ቅርፊቱን እየፋቀ አሳስቶታል፤ ግን የትም ቦታ አልበሳውም። የጭኑ አንገትም ወደ ውጭ መጉበጥ ጀምሯል። ይህ ጉብጠት ሲብስ የሚይዘውን ቅርጽ በውጭ አገር የእረኛ ዘንግ ይሉታል አሉን። እህቴ ጣልቃ ገብታ «የእረኛ በትር መቼ ይጎብጣል?» ስትል ሐኪሙ ሳቁ፤ እውነቷን ነው፤ የእኛ እረኛ በትር ቀጥ ያለ ነው፣ የሚጎብጠው የሽማግሌ ከዘራ ነው።

ሲቲ ስካኑ ያስፈለገው የቅርፊቱን ውፍረትና ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን በትክክል ለማየት ነበር፤ በአንገቱ ታችኛ በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። መርገጥ ያቃታት ለዚህ ነበር። ኤምአርአይ ያስፈልጋል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ አሁን ለዚህ ሕመም የሚጨምረው ብዙ ነገር እንደሌለ፣ መልኩም በኤምአርአይ ሲታይ እንደ ቃጫው፣ እንደ አጥንቱና እንደ ፈሳሹ መጠን ስለሚለያይ ልምድ የሌለውን አንባቢ ሊያሳስት እንደሚችል ነግረውኝ ገንዘባችንን እንድናስቀምጥ መከሩን። ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር መላክ ቀላል በሆነበት ዘመን፣ «አያስፈልግም» የሚል ሐኪም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

የምርመራው ወረቀት ሁለት ገጽ ነበር፤ ጥራቱን ከጥቅምቱ ሁለት መስመር ጋር ማወዳደር አይገባኝም። ምን እንደ ታየ ብቻ ሳይሆን ምን አይደለም ብለው እንደ ገመቱና ለምን እንደ ሆነ ጽፈዋል። ፈሳሽ የቋጠረ የአጥንት ከረጢት ቢሆን ውስጡ ጥቁር እንጂ ግራጫ አይሆንም ነበር። የቆየ የአጥንት መግል ቢሆን ትኩሳትና ቁስል፣ በምስሉም ላይ የሞተ አጥንት ቁራጭና ከላይ የተደረበ አዲስ አጥንት ይጠበቅ ነበር። በአንገት ውስጥ ያሉት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከመጠን በላይ ሲሠሩ የሚመጣ የአጥንት መበላት ቢሆን በደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምር ነበርና በደም ምርመራ እንዲጣራ ጠይቀዋል። ክፉው፣ በዝግታ የሚያድገው የአጥንት ነቀርሳ፣ አንዳንድ ጊዜ ይህንኑ ሕመም የሚመስል መሆኑንም አልደበቁም፤ ግን የሁለት ዓመቱ ፊልም፣ ያልተበሳው ቅርፊትና የቆዳው ምልክት አንድ ላይ ሲታዩ ወደ ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ እንደሚያደሉ ጽፈው ናሙና ለምርመራው ሲባል ብቻ አስቸኳይ አይደለም ብለዋል።

ከሕመምተኞቹ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት አንድ አጥንታቸው ብቻ የተነካ ነው፤ የቀሩት ከአንድ በላይ ነው። የቆዳ ምልክት ባለበት ደግሞ ሌላ አጥንት መፈለግ ግድ ስለሚሆን፣ የእግሯ፣ የክንዷና የጎድኗ ራጅ እንዲጨመር፣ የራስ ቅሏም በሲቲ እንዲታይ አሳሰቡ። የራስ ቅሉን ያስጨመሩት በዓይንና በጆሮ ነርቭ ዙሪያ ያለው አጥንት ሲነካ ማየትንና መስማትን ሊጎዳ ስለሚችል ነው። በዚያው በቀኝ በኩል የዳሌው አጥንትና የቅልጥሙ አጥንት ላይ ተመሳሳይ ጉም ተገኘ፤ የግራው ንጹሕ ነው፣ የራስ ቅሏም ንጹሕ ነው። ሕመሙ አንዱን ጎን መምረጡ፣ የማጅራቱም ምልክት መሐል ላይ መቆሙ፣ ለባዮሎጂ መምህር የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በ20ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ጂኤንኤኤስ የተባለ ዘረ መል፣ ፅንሱ ከተፀነሰ በኋላ፣ በአንድ ሴል ውስጥ ይለወጣል፤ ለውጡ ለሴሉ «ሥራ» የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ እንዲደርሰው ያደርጋል። ከዚያ ሴል የተገኙት ሴሎች በደረሱበት ቦታ ሁሉ፣ አጥንት ከሆነ ቃጫ፣ ቆዳ ከሆነ ቡናማ ምልክት፣ የሆርሞን ዕጢ ከሆነ ደግሞ ያለ ጊዜው የመጣ ኮረዳነት ወይም የበዛ የታይሮይድ ሆርሞን ይፈጠራል። ማኩን የተባለ ሐኪም በ1936፣ ኦልብራይትና ባልደረቦቹ በ1937 እ.ኤ.አ. የገለጹት አጥንትን፣ ቆዳንና ሆርሞንን የሚያጣምረው መልክ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል፤ ሊክተንስታይን በ1938 በብዙ አጥንት ላይ የሚወጣውን ሕመም ዛሬ በሚታወቅበት ስም ጠራው፤ በዘረ መሉ ላይ ያለው ለውጥ የተገኘው ግን በ1991 ነው። ከአጥንቱ ሕመም ጋር የቆዳው ምልክት ስላለ የእህቴም ልጅ ከዚሁ ክፍል ትመደባለች። የኮረዳነት ጥያቄ ለምን እንደ ተጠየቀ የገባን ያኔ ነው።

ለውጡ ፅንሱ ከተፀነሰ በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ከአባትም ከእናትም አይወረስም፤ ለልጅም አይተላለፍም። ይህን ነገር አሳንሶ የሚያልፍ የሕክምና ሰው ካለ በጅሩ ያደገ አይደለም። የልጅቷ አባት ወገኖች «በእናንተ በኩል ያነክስ የነበረ ማን ነበር?» እያሉ ዘር መቁጠር ጀምረው ነበር፤ ነገሩ ቢቆይ ኖሮ የልጅቷ እህት የማግባት ዕድል ላይ ሳይቀር ጥላ ያርፍ ነበር። ሐኪሙ በእህቴ ጥያቄ «ከዘር አይደለም» የሚለውን በአማርኛ በእጃቸው ጽፈው ማኅተም አድርገውበታል። ወረቀቷን በመስቀል ሥር፣ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች።

እዚህ ላይ ግን የማዕከሉን ሌላ ጉድለት አነሣለሁ። ያ የእጅ ጽሑፍ የሐኪሙ በጎ ፈቃድ እንጂ የቤቱ አሠራር አይደለም። ዋናው ወረቀት ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ባልኖር ኖሮ እህቴ ሁለት ገጽ የማትረዳው ነገር ተሸክማ ወደ እነዋሪ ትመለስ ነበር። ለሐኪም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ከሥሩ ሦስት መስመር አማርኛ ቢጨመር ማንም አይከስርም። ወረቀቱም «ዛሬ ከሰዓት» ተብሎ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው የደረሰን፤ በዚህ ምክንያት እህቴና ልጇ አንድ ሌሊት ተጨማሪ የአልጋ ኪራይ ከፍለዋል። እኔ ቤት እንዲያድሩ ለምኜ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለምኖር ልጅቷን ማውጣት አልተቻለም። በዚህ በኩል ማዕከሉን የመውቀስ ሞራል የለኝም።

ምስሉን የጫኑበት ሲዲም አስቸግሮናል። ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ብሎ ዳግመኛ ለማስጫን ተመለስኩ፤ ሁለተኛው ሠራ። ምክሬ፣ ከማዕከሉ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ተቀምጣችሁ ሲዲው መከፈቱን አረጋግጡ፤ የታተመውንም ፊልም ተቀበሉ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ፊልሙን ከቤቱ ማስቀረት የሚቻል መስሏት ልትከለክለን ሞክራ ነበር፤ በሐኪሙ ትእዛዝ ሰጠችን። ባለፈው ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የተነሣው ፊልም ባይቀመጥ ምን እንደምናጣ ላየ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የደም ምርመራው ካልሲየምና ፎስፌት ደህና መሆናቸውን፣ ታይሮይድም ያለችበት ልክ መሆኗን አሳየ። ይህ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ኩላሊት ፎስፌትን እንድትለቅ ስለሚያደርግ ነው የታየው። አጥንት ሲሠራ በደም ውስጥ የሚጨምረው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ከፍ ብሏል፤ ግን በማደግ ላይ ባለች ልጅ ከፍ ማለቱ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ተነግሮናል። ቫይታሚን ዲ ዝቅተኛ ስለነበረ ታዘዘላት።

የአጥንት ሐኪሙ በታኅሣሥ በአጥንቷ መሐል የሚያልፍ ረጅም ብረት ለማስገባት ወሰነ። ቦታውን ፍቆ በሌላ አጥንት መሙላት የተለመደ ቢመስልም፣ በልጆች ላይ የተተከለው አጥንት እየተበላ በቃጫ እንደሚተካ፣ ስለዚህም ብረቱ መደገፉ እንደሚሻል አስረዳን። በዚያው ቀዶ ሕክምና ናሙናው ተወሰደ። ለአዲስ አበባ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሲላክ ማዕከሉ ያለ ክፍያ የራጁንና የሲቲውን ምስል ከወረቀቱ ጋር አያይዞ ላከ፤ ይህን በልዩ ምስጋና አስቀምጣለሁ። ፓቶሎጂስቱም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ራጁስ?» የሚል እንደ ነበር ሰማሁ። በማይክሮስኮፕ የታየው ቃጫማ ሥጋ ውስጥ ቀጫጭንና የተጣመሙ የአጥንት ስንጣሪዎች ነበሩ፤ በመጻሕፍት በቻይና ፊደል ይመስሉታል፤ ለእኔ ግን የቆሎ ተማሪ በከሰል የጫጫረው ይመስለኛል። በዳርቻቸው የተደረደሩ አጥንት ሠሪ ሴሎች አለመኖራቸው ሕመሙን ከሚመስሉት ከአንዳንዶቹ እንደሚለየው በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። መልሱ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ በኅዳር ከጻፉት ጋር አንድ ሆነ።

ይህን ማዕከል እመክራለሁ። ለተሰበረ ክንድ ወይም ለሳል ራጅ የሚፈልግ ሰው በቅርቡ ያለውን ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ዋጋው ከሌላው የሚረክስ አይደለም፣ ወረፋውም በገበያ ቀን ቅዳሜ ይረዝማል። ምክንያቱ ያልታወቀ የአጥንት ማበጥ፣ መጉበጥ ወይም ከዓመት በላይ የቆየ ሕመም ያለበት ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ወደዚያ ሂዱ። የቆየ ራጅ ካላችሁ፣ ከየሣጥኑ አውጥታችሁ ያዙ፤ «ምንም የለም» የተባለውንም ጭምር። ልጁን ከማስመርመራችሁ በፊት በቀን ብርሃን ልብሱን አውልቃችሁ ቆዳውን ተመልከቱ፤ ማርያም የሳመችውን ምልክት ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሚሸከም ሰውም ይዛችሁ ሂዱ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድነው በግንቦት፣ የብረቱን ይዞታ ለማየት ነበር። የዋጋ ዝርዝሩ በመስኮቱ አጠገብ ተለጥፏል፤ ለምን አሁን እንደ ተለጠፈ አልጠየቅሁም። ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ ልጅቷን በስሟ ጠርቶ የኅዳሩን ምስል አጠገቡ ከፍቶ በዚያው አንግል ደግሞ አነሣት። አንገቱ አልጎበጠም፤ ስንጥቋም ድናለች። ሊፍቱ ላይ ያለው ወረቀት አዲስ ሆኗል፤ የሚለው ግን ያው «በጥገና ላይ» ነው። ልጅቷ በአንድ ክራንች፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠረች ወጣች፤ እህቴ ከኋላዋ እጇን ዘርግታ፣ እኔም ከእህቴ ኋላ።